«ደህና ነው» የተባለውን ሶኬት ያላመነው ኤሌክትሪሺያን

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያላችሁ፣ በተለይ አሮጌ ቤት የገዛችሁ፣ አንድ ባለሙያ ልጠቁማችሁ። መጀመሪያ ግን የሆነውን ላውራ።

ባለፈው ጥር እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጣች። ሳምንት ሳይሞላት «ይሄ ማይክሮዌቭ ይነዝራል» አለችኝ። ሳቅኩ። በብርዱ ወራት ምንጣፍ ላይ ሄዶ ብረት የነካ ሰው ቸስ ይለዋል፤ እሱ ነው መስሎኝ። እሷ ግን «ጎኑን በነካሁት ቁጥር ነው» ብላ ድርቅ አለች።

ላሳምናት ብዬ የሶኬት መፈተሻ ገዛሁ። ሦስት ትንንሽ መብራት ያላት፣ ሶኬቱ ላይ የምትሰካዋ ርካሽ ዕቃ። ሁለቱ ቢጫ ከበሩ ሽቦው ትክክል ነው፤ ቀዩ ከበራ ወይም ቢጫው አንድ ብቻ ከሆነ ችግር አለ። ሰካኋት፤ ሁለት ቢጫ። «አየሽ እማዬ?» አልኳት። «እሱ የፈለገውን ይበል፣ እኔን ነዝሮኛል» አለች።

ይህን ሐበሻ ኤሌክትሪሺያን ያገኘሁት በጓደኛዬ በኩል ነው። ሲመጣ ፈቃዱን ሳልጠይቀው አሳየኝ። መፈተሻዬን አየት አድርጎ ወደ ጎን አስቀመጣት። ከኪሱ እስክሪብቶ መሳይ ቴስተር አወጣና የሶኬቱ ክዳን መሃል ላይ ወዳለችው ብሎን አስጠጋው። ጮኸ። ብሎኗ ራሷ ኮረንቲ አላት! «እማማ ልክ ነዎት» አላት እናቴን። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ የሚሰማው የእሷ ቃል ብቻ ሆነ።

ብሬከሩን አጥፍቶ፣ መጥፋቱን ደግሞ አረጋግጦ፣ ሶኬቱን ፈታው። ቤቱ በ1954 የተሠራ ነው (በፈረንጅ)። ግድግዳው ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ያመለጠ ኮረንቲ የሚወስደው የመሬት ሽቦ የለም። ከእኛ በፊት የነካው ሰው አዲስ ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት ገጥሞበታል። ጥቁሩ፣ ማለትም ኮረንቲ የሚያመጣው ፌዙ፣ የነሐስ መልክ ባለው ብሎን መታሰር ሲገባው ብርማው ላይ ታስሯል። ነጩ ኒውትራል፣ ማለትም መመለሻው፣ ደግሞ በእሱ ቦታ። ይህ ብቻ ቢሆን መፈተሻዬ አንድ ቢጫ ብቻ አብርታ ችግር እንዳለ ትነግረኝ ነበር። ሰውየው ግን መሬት ያለው ለማስመሰል ከብርማው ብሎን ወደ አረንጓዴው የመሬት ብሎን አጭር ሽቦ ቀጥሏል። ብርማው ላይ ያለው ፌዝ ነው፤ ስለዚህ ፌዙ በመሬቱ እግር በኩል ቀጥታ ወደ ማይክሮዌቩ ብረት ይሄዳል። መፈተሻዋ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ስለምታይ 120 ቮልቱን በጠበቀችው ቦታ አገኘችና «ትክክል» አለች። እናቴ በአንድ እጇ ማይክሮዌቩን፣ በሌላው የቧንቧውን ብረት ብትይዝ ኖሮ... ተዉት።

አገር ቤት ያደግን ሰዎች ይህ ነገር አይታየንም። ክብ ሁለት እግሩን ሶኬት ገልብጠን ብንሰካውም ይሠራል። እዚህ ግን ጠባቡ ቀዳዳ ፌዝ፣ ሰፊው ኒውትራል ነው። ሲገለበጥ የጠረጴዛ መብራት ማብሪያው ጠፍቶ እንኳ የአምፖሉ ጥርስ ኮረንቲ ይይዛል።

የቤቱን 23 ሶኬት አንድ በአንድ ፈተሸ። አምስቱ የተገለበጡ፣ ሁለቱ የውሸት መሬት የተቀጠለላቸው ነበሩ። የተገለበጡትን አስተካከለ። የውሸቷን ሽቦ አንስቶ ኮረንቲ ሲሾልክ ራሱን የሚያጠፋውን ባለ ቁልፍ ሶኬት ገጠመ፤ ላዩ ላይ «መሬት የለውም» የሚል ተለጣፊ ለጠፈበት። ተለጣፊው ደንብ ነው አለኝ። ሌላ ቦታ ጠይቄ የነበረው ሰው «ቤቱ በሙሉ ሽቦው ይቀየር» ብሎኝ ነበር። እሱ ግን «ገንዘብ ሲኖርህ ለወጥ ቤቱ አዲስ መስመር አስገባ፤ ሌላው ይቆይ» አለኝ። የወሰደው ገንዘብ ለሠራው ሥራ አነሰብኝ እንጂ አልበዛብኝም።

ወንድማችን፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። እማዬም በየቀኑ ትመርቅሃለች፤ ማይክሮዌቩን ግን እስካሁን የምትከፍተው በፎጣ ነው።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ፈቃዱ የሜሪላንድ ስለሆነ ቨርጂኒያ አይሄድም። እሁድ ጠዋት አትደውሉለት፤ ቅዳሴ ላይ ነው።