ሰባት ወር ያንገላታችኝ ፊደል

ለጊታር ድምፅ የገደል ማሚቶ የሚጨምረው ሳጥኔ (ማሚቶውን ሪቨርብ ይሉታል) ቤቴ ከገባ አስራ አንድ ወር ሆነው። ከዚህ ውስጥ ሰባቱን ወር ያሳለፍኩት ከአንድ ድምፅ ጋር ስታገል ነው። «እምምምም» የሚል፣ ወፍራም፣ የማያቋርጥ ድምፅ። ጊታሩን ባልነካም አለ። የጊታሩን ገመድ ብነቅልም አለ። ማታ አጥፍቼው ከተኛሁ በኋላ እንኳ ጆሮዬ ውስጥ የቀረ ይመስለኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ጥፋቱ የተገኘው አንዲት ፊደል ላይ ነው። ስለዚህ ይሄ ግምገማ ባብዛኛው ስለዚያች ፊደል ነው። ሌላው ሌላው ደህና ሠርቷል፤ ብዙ አላወራበትም።

ዕቃው የጊታርና የድምፅ ማጉያ (አምፕሊፋየር፣ ባጭሩ አምፕ) ሠሪው የፌንደር ሪቨርብ ዩኒት ነው፤ 6ጂ15 የሚባለው። ፌንደር ይህን ሳጥን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ያኔ የራሱ አምፕሊፋየሮች ውስጥ ሪቨርብ አልነበረም። ሪቨርብ አብሮት የተሠራለት የመጀመሪያው የፌንደር አምፕ ቫይብሮቨርብ ነው፤ እሱም የመጣው በ1963 ነው። ስለዚህ ሪቨርብ የፈለገ ጊታሪስት ይህን ሳጥን በጊታሩና በአምፑ መሃል ይሰካዋል። ፊቱ ላይ ያሉት ማዞሪያዎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ ድዌል (ሞላውን የሚነዳው ጉልበት)፣ ሚክሰር (ምን ያህል ማሚቶ ይቀላቀል የሚለው) እና ቶን (የድምፁ ቃና)። የሰርፍ ሙዚቃ ጊታር ያንን ውሃ ውሃ የሚል ድምፁን ያገኘው በዚህ ሳጥን ነው።

የሚሠራው በሞላ ነው፤ በእውነተኛ የብረት ሞላ። ታንክ የሚባል፣ ወደ 43 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ትሪ መሳይ ቆርቆሮ አለ። ውስጡ ሁለት ቀጫጭን ሞላዎች ተወጥረዋል። ከጊታሩ የመጣው ድምፅ በአንደኛው በኩል ገብቶ የሞላውን ጫፍ ይጠመዝዛል። ጥምዘዛው በሞላው ላይ ተጉዞ ማዶ ይደርሳል። ማዶ ያለችው ትንሽ ማግኔት ስትርገበገብ አጠገቧ ባለው ጥቅል ሽቦ ውስጥ መልሳ ኤሌክትሪክ ትፈጥራለች። ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። ሞገዱ ጫፉን መትቶ ይመለሳል፤ ደግሞ ይሄዳል፤ ደግሞ ይመለሳል። የምንሰማው የገደል ማሚቶ ይሄ ምልልስ ነው። ቀጭኑና ወፍራሙ ድምፅ ደግሞ በሞላው ላይ እኩል አይሮጡም። ስለዚህ ክሩን በመዳፍ አፍኜ ጫን ብዬ ስመታው አጭሯ ምት ተበታትና ትወጣለች። ጉድጓድ ውሃ ውስጥ ጠብታ ሲወድቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። የገዛሁት ለዚህች ጠብታ ብዬ ነው።

ሻጩ «ኦሪጅናል ነው፤ የሰው እጅ አልነካውም» ብሎኝ ነበር። ይህን አረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች ቀላል ነበሩ። የመብራት ገመዱ ባለ ሁለት ጥርስ ስለነበር ግራውንድ (ወደ መሬት የሚያወርድ መስመር) ባለው ባለ ሦስት ጥርስ ስፒና ቀየርኩት። ዕቃው የተሠራው ለ117 ቮልት ነው፤ 220 ባለበት አገር ያለ ቮልቴጅ ማውረጃ ትራንስፎርመር መሰካት ማቃጠል ነው። ከዚያ ወደ ፓወር ሰፕላዩ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ አጠራቃሚዎች) ሄድኩ። ስድሳ ዓመት የቆየ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ውስጡ ይደርቃል፤ የደረቀ ካፓሲተር ደግሞ ያጉረመርማል። አንድ ነገር ግን አደራ። ይህ ሳጥን ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ 300 ቮልት አካባቢ ይዞ ሊቆይ ይችላል። በሬዚስተር አፍስሱት፤ ከዚያ በመልቲሜትር ለክታችሁ ዜሮ መሆኑን እዩ። እጅ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ካፓሲተሮቹን ቀይሬ አበራሁት። «እምምምም።»

ቅስሜ ተሰበረ። ምክንያቱም ያገኘሁት ምክር ሁሉ «ካፓሲተር ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም» የሚል ነበር። ቲዩቦቹን (ድምፁን የሚያጎሉትን አምፖል መሳይ መስታወቶች) ቀየርኩ። ሦስት ናቸው፦ 12ኤቲ7፣ 6ኬ6 እና 12ኤኤክስ7። «እምምምም።» የብየዳ ካውያዬን አሙቄ የተጠራጠርኩትን የብየዳ ነጥብ ሁሉ ደገምኩት። ያው ነው። አንድ ሰው ደግሞ የስፒናውን ሦስተኛ ጥርስ ቁረጠውና ዝም ይላል አለኝ። ይሄ ምክር በየቦታው ይሰጣል፤ ሲሰጥ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ያ ጥርስ ያለው ሰው እንዳይሞት ነው። ውስጥ የሆነ ሽቦ ተበጥሶ ሻሲውን (የሳጥኑን የብረት አካል) ቢነካ፣ ኤሌክትሪኩ የሚሄደው በጊታሩ ክር በኩል ወደ እጃችሁ ነው። ጫጫታ ለመቀነስ ተብሎ አይቆረጥም። አልቆረጥኩትም።

ሦስት ወር ያህል ሳጥኑን ጥግ አስይዤ ተውኩት። በየቀኑ አየው ነበር። ለመሸጥም አስቤ ነበር፤ ግን እኔ የተታለልኩበትን ዕቃ ለሌላ ሰው ማሻገር ደስ አላለኝም።

የነገሩ ቁልፍ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፊቴ ነበር። ሚክሰሩን ዜሮ ላይ ሳደርገው ጩኸቱ ይጠፋል። ይህ ማለት ጩኸቱ የሚመጣው ከሞላው በኩል ነው ማለት ነው። ይህንን አውቅ ነበር፤ ግን ከሞላው የሚመለሰውን ድምፅ የሚያጎላውን ቲዩብ ነበር የምጠረጥረው። ታንኩን ራሱን አልጠረጠርኩም። ምን ሊበላሽ ይችላል? ሞላና ቆርቆሮ ነው።

አንድ ማታ ተስፋ ቆርጬ ከሳጥኑ ጀርባ ተንበረከክሁ። ከታንኩ ጋር የተያያዙት ሁለት አርሲኤ ገመዶች ናቸው፤ መሰኪያቸው መሃሉ ሹል፣ ውጪው ቀለበት የሆነ። አንዱ ድምፁን ወደ ሞላው ይወስዳል፤ አንዱ ይመልሳል። ጊታሩን ሳልነካ፣ ለአፍታ ብቻ፣ የሚወስደውን ነቀልኩት።

ዝም አለ።

የሰማሁት ዝምታ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ጣቴ አርሲኤውን እንደያዘ ቆየሁ። መልሼ ጫፉን ብቻ ወደ ጃኩ አስጠጋሁት፤ የውጪው ቀለበት ገና ብረቱን ሲነካ «እምምም» አለ። አራቅኩት፤ ጠፋ። አስጠጋሁት፤ መጣ። ሰባት ወር የፈለግኩት ነገር በሁለት ጣቴ መሃል ነበር። (እናንተም ብትሞክሩት ጊታር እየመታችሁ አይሁን፤ ጊዜውም አጭር ይሁን። ሞላውን የሚነዳው 6ኬ6 ቲዩብ ያለ ሞላ ሲሠራ ትራንስፎርመሩ ሊጎዳ ይችላል።)

አጥፍቼ ሁለቱንም ገመድ ነቀልኩና ታንኩን አወጣሁት። መልቲሜትሩን የመጮኺያው ምልክት ላይ አደረግሁ። አንዱን መዳሰሻ በመግቢያው ጃክ ውጫዊ ቀለበት ላይ፣ ሌላውን በመውጫው ጃክ ቀለበት ላይ አሳረፍኩ። ጢጥ አለ። ሁለቱ ተገናኝተዋል። መገናኘት አልነበረባቸውም።

ነገሩ ወዲህ ነው። የሁለቱም ገመድ ግራውንድ የሚነሳው ከአንድ ሻሲ ነው። ታንኩ ላይ ሲደርሱም ሁለቱም ቆርቆሮውን ከነኩ፣ ከሻሲ ወደ ታንክ፣ ከታንክ መልሶ ወደ ሻሲ የተዘጋ ቀለበት ይፈጠራል። ይህ ቀለበት የፓወር ትራንስፎርመሩን የመግነጢስ መስክ እንደ አንቴና ይለቅመዋል። ቀጥሎ ያለው ቲዩብ ደግሞ ሥራው ከሞላው የመጣችውን ትንሽዬ ድምፅ ማጎላት ነው፤ የጩኸቱንም ድርሻ አብሮ ያጎላዋል። ስለዚህ በአንዱ በኩል ያለው ጃክ ከቆርቆሮው መነጠል አለበት።

ታንኩ ላይ ስቲከር ነበር። 4ኤቢ3ኤ1ቢ ይላል። ለዚህ ሳጥን የሚሆነው 4ኤቢ3ሲ1ቢ ነው። እያንዳንዷ ምልክት ትርጉም አላት። 4 የታንኩ ዓይነት ነው። ኤ መግቢያው 8 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ነው ማለት ነው፤ ቢ ደግሞ መውጫው 2250 ኦም። 3 ማሚቶው ረጅም ነው ይላል። አምስተኛዋ ፊደል የግራውንዱን ነገር ትናገራለች፦ ኤ ከሆነ ሁለቱም ጃኮች ቆርቆሮውን ይነካሉ፤ ሲ ከሆነ መግቢያው ይነጠላል። 1 ማሰሪያ የለውም ማለት ነው። የመጨረሻዋ ቢ ታንኩ ክፍት ጎኑን ወደ ታች አድርጎ ይተኛ ትላለች። ሰባት ምልክት። ስድስቱ ልክ ናቸው። ሰባቱን ወር የበላችብኝ አምስተኛዋ ናት።

አሁን ወደ ሻጩ ልመለስ። «የሰው እጅ አልነካውም» አልከኝ። ስቲከሩ ከሳጥኑ በብዙ ዓመት ያንሳል። አንድ ሰው የመጀመሪያውን ታንክ አውጥቶ ጥሎታል፤ ያገኘውን አስገብቷል። ደግሞ ሲያስገባው ግራ ቀኙን አዙሮ ነው ያስገባው፤ መመለሻው ጫፍ ከፓወር ትራንስፎርመሩ በኩል ሆኗል። መመለሻው ጫፍ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ጩኸት የሚለቅመው ነው። አላወቅክም ልበል። ግን የማታውቀውን «አውቃለሁ» ብለህ ስትሸጥ፣ እኔ ጤነኛ ክፍሎችን ስቀይር ከረምኩ። «ውስጡን አይቼው አላውቅም» ብትለኝ ኖሮ መጀመሪያ የማየው ታንኩን ነበር። ለገዢዎች የምለው አንድ ነው፦ ከመግዛታችሁ በፊት የታንኩን ስቲከር ፎቶ አስልኩ። ቀለሙ ላይ ላለው ጭረት አትጨነቁ።

ትክክለኛው ታንክ ሲመጣ መጀመሪያ ለካሁት። በሁለቱ ቀለበቶች መሃል መልቲሜትሩ ዝም አለ። አስገባሁት፤ አበራሁት። ከአሮጌው ጩኸት የቀረው ጥቂት ነው። ከመበየዴ ወይም ከማሰሬ በፊት ታንኩን በሁለት እጄ ይዤ ቀስ ብዬ አዞርኩት። መመለሻውን ጫፍ ወደ ትራንስፎርመሩ ሳስጠጋ ያድጋል፤ ሳርቅ ይሟሽሻል። በጆሮዬ እየሰማሁ ዝም ያለበትን ቦታ አገኘሁና እዚያው አሰርኩት።

ከዚያ ጊታሩን ሰካሁ። ድዌሉን ከግማሽ ትንሽ አሳለፍኩ፤ ሚክሰሩን ሲሶ ላይ አደረግሁ። ወፍራሙን ክር በመዳፌ አፍኜ አንድ ጊዜ መታሁ። ጠብታዋ ወደቀች።

ከዚያ ማታ ወዲህ አራት ወር ሆነ። ዕቃው በየቀኑ ይሠራል፤ ስለዚህም የምጨምረው ብዙ የለኝም። ቲዩቦቹ ደህና ናቸው፤ ካፓሲተሮቹ ደህና ናቸው።

አንድ ክርክር ግን ይቀረኛል። የዲጂታል ፔዳል (በእግር የሚጫኑት የድምፅ መለወጫ) ሻጭ ፊቴ ቆሞ «ይሄን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው? ይቺ ትንሽ ፔዳል ያንኑ ድምፅ ታወጣለች፤ ኪስ ውስጥ ትገባለች፤ አትጮኽም» ይለኛል። ፔዳሏን ሞክሬያታለሁ፤ ጥሩ ናት። ግን ድዌል ምን እንደሚሠራ ልንገርህ። ድዌል የማሚቶው መጠን አይደለም። 6ኬ6ቱ ሞላውን በምን ያህል ጉልበት እንደሚነዳው ነው። ይህ ቲዩብ ራሱን የቻለ ትንሽ አምፕሊፋየር ነው፤ ስፒከሩ ሞላው ነው። ስለዚህ ክሩን በቀስታ ስነካው ሞላው ይተነፍሳል። ጠንክሬ ስመታው ይፈነዳል። እጄ ላይ ያለው ጉልበት ሞላው ላይ ይታያል። ብዙ አምፖች ውስጥ ያለው ሪቨርብ ደግሞ አንድ ማዞሪያ ብቻ ነው ያለው፤ የሚወስነውም ምን ያህል ይቀላቀል የሚለውን ብቻ ነው። የመንጃው ጉልበት በእጅህ አይደለም። እዚህ በእጄ ነው። በዚህ ላይ አፌን ሞልቼ እከራከራለሁ።

ይህንን ግን አልክድም፤ ሳጥኑ ከአምፑ በፊት ስለሚሰካ አምፑ ድምፁን መቀደድ ከጀመረ ማሚቶውም አብሮ ይቀደዳል፤ ጭቃ ይሆናል። ጥርት ያለ አምፕ ይፈልጋል። መጫወቻችሁ ሁልጊዜ ኦቨርድራይቭ (የተቀደደ ድምፅ) ከሆነ ይህ ዕቃ ለእናንተ አይደለም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ብትጠይቁኝ «በነበረው ሁኔታ ደግሜ አልገዛውም» እል ነበር፤ የጠፋው ሰባት ወር ገና እያንገበገበኝ ነበርና። ዛሬ ጠዋት ግን አንድ ሰዓት ተኩል ሳላስበው ከሳጥኑ ፊት አለፈ። ስለዚህ ዛሬ መልሴ እገዛዋለሁ ነው።

አሮጌው ታንክ ጠረጴዛዬ ሥር አለ። ሞላዎቹ ጤነኛ ናቸው፤ ጥቅል ሽቦዎቹም ይለካሉ፤ መውጫው 200 ኦም አካባቢ ያሳያል። ሁለቱም ጃኮቹ ቆርቆሮውን እንዲነኩ ተደርጎ ለተሠራ ሌላ ሰርኪዩት ይሆናል። ስቲከሩ ላይ አምስተኛዋን ፊደል በቀይ ብዕር ከብቤያታለሁ፤ የሚወስደው ሰው መጀመሪያ እሷን እንዲያይ።