ስድስት ኪሎ ስትሄዱ ሙዚየሙን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ

አብዛኛው ሰው ስድስት ኪሎ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ የጃንሆይን መኝታ ቤት ያያል፣ ጣልያኖች የሠሩት ደረጃ ጋ ፎቶ ይነሳና ይወጣል። እኔም ለዓመታት እንደዛው ነበርኩ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ግን ከሙዚየሙ ሌላ የድሮ ፎቶና የደብዳቤ ክምችት አለው። ለእኔ ትልቁ ሀብት እሱ ነው።

ያደረሰኝ የአያቴ ጉዳይ ነው። አያቴ የመንግሥት ጸሐፊ ነበሩ። የሠሩበት መሥሪያ ቤት ሄጄ ዶሴያቸውን ስጠይቅ፣ የዚያ ዘመን ወረቀት ቦታ አጣቦ በኪሎ ተሸጧል አሉኝ። የሰው ዕድሜ ልክ ሥራ የቆሎ መጠቅለያ ሆነ ማለት ነው። በጣም ነው የከፋኝ። ዶሴያቸውን ባላገኝ እንኳ የዘመናቸውን ደብዳቤ ልይ ብዬ ስድስት ኪሎ ሄድኩ።

ደብዳቤዎቹን ቶሎ ቶሎ አትገልብጧቸው። በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ፊደሉና ቅጥያው (ካዕብ፣ ሣልስ የሚያደርገው ምልክት) ለየብቻ ስለሚመቱ፣ አንዳንዴ ቅጥያው ከፊደሉ ፈንጠር ብሎ ይቀመጣል፤ እሱን ሳይ የጸሐፊውን ጣት ያየሁ ያህል ነው የተሰማኝ። ቁጥሩን፣ ማህተሙን፣ ግልባጩ ለማን እንደሄደ እዩ። ከሁሉም በላይ ግን ኅዳጉን! አለቃው በእስክሪብቶ የመራበት ሁለት መስመር ብዙ ጊዜ ከደብዳቤው የበለጠ ይናገራል፣ ጉዳዩ ማን ጋ እንደተያዘና ማን እንደፈቀደ የሚታወቀው እዚያ ነውና።

ፎቶም እንደዚሁ ነው፣ ጀርባውን ሳታዩ አየን አትበሉ። የፎቶ ቤቱ ማህተም፣ በእርሳስ የተጻፈ ስም፣ ቀን ካለ ግማሹ ሥራ አለቀ። ከዚያ የዚያኑ ጊዜ ደብዳቤ ፈልጉ። ፎቶው ፊቱን ያሳያል፣ ደብዳቤው ስሙንና ሹመቱን ይነግራል። ሁለቱ አንድ ግቢ ውስጥ መገኘታቸው ነው ቦታውን እንድወደው ያደረገኝ።

ቤቱ ራሱ ታሪክ ነው። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በታህሳስ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ባለሥልጣናቱ የተገደሉት እዚሁ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ነው። ከዚያ ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ፣ በ1955 ተቋሙ ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው።

የምትሄዱ ከሆነ የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ፣ እርሳስም። «የድሮ ፎቶ» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የሰው ስም፣ ቦታ፣ ዓመት ይዛችሁ ሂዱ፣ ዓመቱንም በእኛም በፈረንጅም አስሉት። ፎቶ በጠርዙ ነው የሚያዘው፣ የጣት ላብ ይጎዳዋል። ጊዜም ይኑራችሁ፣ በአንድ ከሰዓት አያልቅም።

ቤት ስመለስ የአያቴን የመሥሪያ ቤት ፎቶ ከአልበሙ አወጣሁት። አምስት ሰዎች ቆመዋል። እማዬ የአራቱን ስም ነገረችኝና ጀርባው ላይ በእርሳስ ጻፍኩ። አምስተኛውን፣ ዳር ላይ ባርኔጣውን በእጁ የያዘውን፣ እሷም አታውቀውም። በሚቀጥለው ሳምንት እሱን ፍለጋ ተመልሼ እሄዳለሁ።