የሂሮሺማ ምስክሮች በጎንደር፤ ከአንድ ዐውደ ርእይ ጉብኝት

ባለፈው ቅዳሜ በጎንደር ፒያሳ አካባቢ በአንድ አዳራሽ የተከፈተውን፣ ከአቶሚክ ቦምብ የተረፉ ሰዎች የሣሏቸውን ሥዕሎች ቅጂ የሚያሳይ ዐውደ ርእይ ጎብኝቻለሁ። አብዛኞቹ ሣዮች ሙያው የሌላቸው ተራ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 አንድ አዛውንት ያዩትን ሥለው ወደ ጃፓኑ የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤን ኤች ኬ ከቀረቡ በኋላ ጣቢያው ለሌሎችም ጥሪ በማድረጉ ከ2,000 በላይ ሥዕሎች ተሰብስበዋል፤ በሥዕል መግለጽ ያቃታቸውን ብዙዎቹ ጠርዙ ላይ በጽሑፍ ሞልተውታል።

ደጋግሜ የተመለስኩበት አንድ ሥዕል ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2፡15 ቦምቡ ከፈነዳ በኋላ የተቃጠሉ ሰዎች ወደ ወንዝ ሲያዘግሙ ያሳያል። እጃቸውን ከሰውነታቸው አርቀው ዘርግተዋል፤ ቆዳቸው እንደ ተቀደደ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። አጠገቤ የቆሙ ነጠላ የለበሱ እናት “ምነው፣ ውኃ የሚያቀምሳቸው ጠፋ?” አሉ። ቁስለኛ ውኃ ከጠጣ ይሞታል ይባል እንደነበር፣ በዚህም ምክንያት የከለከሉ ተራፊዎች ዕድሜ ልካቸውን ሲጸጸቱ እንደኖሩ መግለጫው ላይ ቢጻፍ ኖሮ ጥያቄያቸው መልስ ባገኘ ነበር።

የደብረ ብርሃን ሥላሴን ሥዕሎች እያየ ያደገ ሰው ጻድቅ በሁለት ዐይኑ፣ ኃጥእ በአንድ ዐይኑ እንደሚሣል ያውቃል። እዚህ ግን ፊቱ አብጦ ዐይኑ የጠፋውን ሰው ከየትኛው ወገን እንደምንቆጥረው ግራ ይገባናል፤ ለእኔ የዐውደ ርእዩ ትልቁ ኃይል ይኸው ግራ መጋባት ነው።

ሁለተኛው ክፍል አሳዝኖኛል። የእንጉዳይ ቅርጽ ያለው ደመና በትልቅ ስክሪን ይታያል፤ ከሥሩም እስከ እ.ኤ.አ. 1945 መጨረሻ ድረስ 140,000 ያህል ሰው በሂሮሺማ መሞቱ ተጽፏል። ወጣቶቹ ፊት ለፊቱ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ። ሙዚቃው በጣም ከመጮኹ የተነሣ የአንዲት አሮጊት የድምፅ ምስክርነት ጨርሶ አይሰማም፤ የአማርኛ ትርጉሙም እንደ ዜና ስለተነበበ የሴትዮዋ ማመንታት ጠፍቶበታል። ሶቪየት ኅብረት ከ450 በላይ የኒውክሌር ሙከራዎች ባደረገችበት በካዛኪስታኑ ሰሚፓላቲንስክ አካባቢ ያለ እጅ ተወልዶ ብሩሽ በአፉ ይዞ ለሚሥለው ለካሪፕቤክ ኩዩኮቭ የተሰጠው ደግሞ አንዲት ጠባብ ሰሌዳ ብቻ ናት።

መግቢያው ነጻ ነው። የመጀመሪያው ክፍል በመስኮት ብርሃን ስለሚታይ ጠዋት መሄድ ይሻላል፤ ሙዚቃውም እስከ እኩለ ቀን አይከፈትም።