ሙዝ የያዘው ጭላዳ

ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች ከአንዱ ለልጄ የጭላዳ አሻንጉሊት ገዛሁ። 650 ብር። ደባርቅ ስላደግሁ በጭላዳ ቀልድ አላውቅም።

ጎፈሩ ግሩም ነው። ከበግ ፀጉር ተሠርቶ እንደ ወንዱ ጭላዳ በትከሻው ላይ ይወርዳል። ደረቱ ላይ ያለችው ቀይ ቆዳም አልተረሳችም። ከንፈሩ ግን በክር ተሰፍቷል። ወንዱ ሲቆጣ የላይኛውን ከንፈር ገልብጦ ድዱንና ክራንቻውን ነው የሚያሳየው፤ ይሄኛው በምን ሊቆጣ ነው?

እጁ ላይ ደግሞ ሙዝ! «ጋሼ፣ ዝንጀሮ እኮ ሙዝ ይወዳል» አለችኝ ሻጯ። የኔ እህት፣ ጭላዳ ሣር በሊ ነው። ስሜን ተራራ ላይ በቂጡ ተቀምጦ፣ እየተንፏቀቀ፣ በጣቶቹ ሣር ሲነጭ ይውላል።

ብቻውን መሸጡም ቅር አሰኝቶኛል። ወንዱ ብዙውን ጊዜ ከበርካታ ሴቶችና ግልገሎች ጋር ነው የሚኖረው። ጎፈሩን አይታችሁ ጌታ እንዳይመስላችሁ፤ ቤቱን ያቆሙት እርስ በርስ ፀጉር ሲፈታተሹ የሚውሉት ዘመዳሞቹ ሴቶች ናቸው። ቤተሰቦቹ ተሰባስበው በመቶ የሚቆጠር መንጋ ይሆናሉ። ማታ ገደል ላይ ያድራሉ።

ሙዙን በምላጭ ፈትቼ አወጣሁት። ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ስፌቱስ ጠንካራ ነው። ሴቷን ከሠሩ ተመልሼ እገዛለሁ።