ፈረስ ልትሸጡ ካሰባችሁ መጀመሪያ እኚህን ባልደራስ (የፈረስ አዋቂ) አማክሩ

ይህ ምስጋናም ጥቆማም ነው።

ቀበና አካባቢ ሕፃናት የምናስጋልብባቸው ሰባት ፈረሶች ነበሩን። (ድንክ ፈረስ ናቸው ወይ ለምትሉ፦ አይደሉም። የእኛዎቹ አጠር ያሉ የደጋ ፈረሶች ናቸው።) የግቢው ባለቤት ሊገነባበት ነውና ልቀቁልኝ አለ። ያገኘነው ቦታ ከሦስት ፈረስ በላይ አይችልም። መኖውም አልቀመስ ብሏል። 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን 5 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል። በሰባት አባዙት።

የትኞቹ ይሸጡ? ልጆቼ በመልክ መረጡ። ባለቤቴ ጥሩ ዋጋ የሚያወጣውን ሸጠን እንገላገል አለ። ቤቱ ሸንጎ ሆነ።

ጃን ሜዳ አንድ አንጋፋ ባልደራስ አሉ። ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ስሜን አትጻፊ ስላሉኝ አልጽፍም። መጥተው ለረጅም ሰዓት ምንም አልተናገሩም። ፈረሶቹ ሲበሉ ቆመው አዩ። ማን ማንን ከገንዳው ያባርራል? ማን ከማን አይለይም? ከዚያ ሰኮና አነሱ፣ ጥርስ አዩ። የፈረስ የፊት ጥርስ 5 ዓመት ገደማ ሲሆነው ተተክቶ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜው የሚገመተው ከጥርሱ መበላት ነው። ስምንት ዓመቱ ነው ተብሎ የተሸጠልን አምባላይ (ነጩ ፈረስ) በጋሼ ግምት ከአሥራ አምስት ያልፋል።

እኛ እሱን ለመሸጥ ነበር የተዘጋጀነው። "ይሄን ከሸጣችሁት ጋሪ ላይ ታገኙታላችሁ" አሉ። ልጅ ሲወጣበት ንቅንቅ የማይለውም እሱ ነው። ስለዚህ ቀረ፤ ከሁለት ጭምቶች ጋር።

የሚሄዱት የምናምርባቸው ሆኑ። ዳማው ፈረስ ድንጉላ (ያልተኮላሸ ወንድ) ነው፤ ከባዝራ (ከሴት ፈረስ) ጋር እያዋሉ ሕፃን አይጫንበትም አሉ። ባዝራዋን ሆዷን አይተው ጠረጠሩ፤ ሐኪም መርምሮ ማርገዟን አረጋገጠ። ፈረስ የምታረግዘው 11 ወር ያህል ነው፤ ገዢው ይህን አውቆ ይግዛ ብለው አሳሰቡን። ልጇም ከእሷ ጋር እንድትሄድ አደረጉ። ቡላው ፈረስ ደግሞ ሲኖትራክ ባየ ቁጥር ይደነብራል። ጋሼ ይህንን ለገዢው ፊት ለፊት ነገሩት። ዋጋው ቀነሰ፤ ባለቤቴ ፊቱ ጠቆረ። ግን ሰውየው ሱሉልታ ሜዳ ላይ ነው የሚያሳድረው፤ መኪና የለበትም፣ ገዛው።

ደላላ ከሽያጩ ስለሚቆረጥለት እንከን አያወራም። ጋሼ የሚቀበሉት የድካማቸውን ብቻ ነው፤ ተሸጠ አልተሸጠ ያው ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን!

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጃቸዋለሁ። የጥምቀት ሰሞን ግን አትድከሙ፣ አይገኙም። የሚመጡበት ቀን ጠዋት ፈረሶቹን ቀድማችሁ እንዳትመግቡ፤ ሲበሉ ማየት ይፈልጋሉ።