ማዝ ጄኤስ፦ በጽሑፍ የገባን ሒሳብ ያለ ኢቫል ለማስላት

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ለሚገኝ የሴራሚክ ሱቅ የዋጋ ማስያ ገጽ ስሠራ፣ ሻጮቹ የወለሉን ስፋት በካልኩሌተር እንደለመዱት በአንድ ሳጥን ጽፈው እንዲያስቀምጡ አድርጌ ነበር። ለማስላት የተጠቀምኩት ጃቫስክሪፕት በተባለው የድረ ገጽ ኮድ ቋንቋ ውስጥ ባለው ኢቫል በሚባል ተግባር ሲሆን፣ ይህ የራሴ ስንፍና ነው። ኢቫል የተሰጠው ጽሑፍ ሒሳብ ይሁን ሌላ ትእዛዝ ሳይለይ እንዳለ ያስኬደዋል። ገጹን ከማስረከቤ በፊት በሻጩ ሳጥን ውስጥ መልእክት የሚያወጣ አንድ መስመር ኮድ ጽፌ አስቀመጥኩና የተቀመጡትን ስሌቶች መልሶ የሚያሰላውን የባለቤቱን ገጽ በሌላ ስልክ ስከፍተው መልእክቱ ብቅ አለ። አንድ ሰው በራሱ ስክሪን ላይ የሚያስኬደው ነገር ጉዳቱ ለራሱ ነው፤ ያስቀመጠው ጽሑፍ በሌላ ሰው ገጽ ላይ ሲሠራ ግን በዚያ ሰው የመግቢያ መብት የፈለገውን ያደርጋል።

በምትኩ ያስገባሁት ማዝ ጄኤስ የተባለውን ነጻ ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚገኝ የኮድ ስብስብ) ነው። ጽሑፉን በራሱ ሰዋስው አንብቦ እንደ ዛፍ ይዘረጋውና የሚያውቃቸውን ስሌቶች ብቻ ይሠራል። ሻጮቹን ያስደሰታቸው ሌላ ነው፤ ለሚሰበረው መጠባበቂያ ጨምረው «4.2*3.6+10%» ሲሉ፣ ኢቫል ስሕተት ብሎ የሚመልሰውን ይህ 16.63 ካሬ ሜትር ያህል ያወጣላቸዋል። «2^3» ብለው ቢጽፉም 8 ያገኛሉ፤ በኢቫል መልሱ 1 ነው፣ ምክንያቱም ምልክቱ በጃቫስክሪፕት የሚሠራው በቢቶች (ቁጥሩ በኮምፒውተር በሚጻፍባቸው 0 እና 1) ላይ እንጂ ቁጥርን ከፍ ለማድረግ አይደለም።

ቅር ያሰኘኝም አለ። 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ይወጣል፤ ይህን ለማስወገድ ቢግ ነምበርን የመሰለ፣ አሥርዮሽን በትክክል የሚይዝ የቁጥር ዓይነት መምረጥ ያስፈልጋል። «1,500» ተብሎ በኮማ የተጻፈ ዋጋ ስሕተት ስለሚሰጥ ኮማውን አስቀድሜ አወጣዋለሁ። ኢምፖርትን (አዲስ ተግባር የሚጨምር) እና ክሪኤት ዩኒትን (አዲስ መለኪያ የሚፈጥር) የመሳሰሉ ተግባራት ክፍት ሆነው ስለሚመጡ፣ የላይብረሪው ሰነድ እንደሚመክረው እኛው መዝጋት አለብን። ከባድ ስሌት ገጹን ሊያደርቀው ስለሚችልም ስሌቱን ከገጹ ተለይቶ በጀርባ በሚሠራ ዌብ ወርከር ውስጥ፣ በጊዜ ገደብ አስኬደዋለሁ። ለአራቱ መደበኛ ስሌቶች ብቻ ከሆነ ላይብረሪው በሞባይል ዳታ ለሚከፍት ሰው ይከብዳል፤ ለዚያ ሒሳቡን የምታነብ በእጅ የተጻፈች ትንሽ ኮድ ትበቃለች። መቶኛና ቅንፍ ለሚደባልቅ እንደዚህ ላለ ሱቅ ግን ያለ ማመንታት እመርጠዋለሁ። ሳጥኑን በ80 ፊደል ገድቤዋለሁ፤ እስካሁን ወደ ገደቡ የተጠጋው አንድ ሻጭ ማዕዘኑ ለተሰበረ ሳሎን የጻፈው ስሌት ብቻ ነው።