የሸርማን ወጥመድ፦ ለመያዝ አስተማማኝ፣ ለመቁጠር ግን ጥንቃቄ የሚሻ

በመስክ የአይጦችን ብዛት ለሚያጠኑ ባለሙያዎች፣ ሸርማን በመባል የሚታወቀው አሜሪካ ሠራሽ ተጣጣፊ የብረት ሳጥን ከሌሎች ወጥመዶች ቀድሞ የሚታሰብ መሣሪያ ነው። ትልቁ ዓይነት 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የአሉሚኒየሙ ቀላል ከመሆኑም በላይ ሲታጠፍ ስለሚሳሳ ብዙውን በአንድ ጊዜ ተሸክሞ ዳገት መውጣት አያስቸግርም። እንስሳው የለውዝ ቅቤውን ሽታ ተከትሎ ገብቶ ወለሉ ላይ ያለውን መርገጫ ሲጫን፣ ባለሞላው መዝጊያ ከኋላው ይዘጋል። መርገጫው ሥር ጭቃ ወይም የእህል ፍሬ ከገባ ግን አይሠራምና በየጠዋቱ ማጽዳት ግድ ነው። ብረቱ ብርድ ስለማይከላከል በደጋ አገር ጥጥ ሳይጨምሩና በሣር ሳይሸፍኑ ማሳደር ተገቢ አይደለም።

ዋናው ጥያቄ ግን የሚገኘው ቁጥር ምን ያህል ይታመናል የሚለው ነው። በመጀመሪያው ሌሊት 40 አይጦች ተይዘው ምልክት ተደርጎባቸው ቢለቀቁ፣ በሁለተኛው ሌሊት ከተያዙት 30 መካከል ደግሞ 12ቱ ምልክት ያላቸው ቢሆኑ፣ 40ን በ30 አባዝቶ ለ12 በማካፈል የአይጦቹ ብዛት 100 ነው ተብሎ ይገመታል። አንዴ የተያዙት ደንግጠው ሳጥኑን ቢሸሹና ከ30ዎቹ ምልክት ያላቸው 6 ብቻ ቢሆኑ፣ በማሳው ላይ አንድም አይጥ ሳይጨመር ግምቱ 200 ይደርሳል። የለውዝ ቅቤ የጣማቸው አይጦች በየሌሊቱ ሲመላለሱ ደግሞ ግምቱ ያለአግባብ ይወርዳል። ይህን መዛባት ለማረም የሚያግዘው ማርክ የተሰኘው የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ ሆኖም የሁለት ሌሊት መረጃ ለዚህ አይበቃውም።

ከዚህ የባሰ የምቆጥረው ጉድለት፣ ሳጥኑ አብዛኛውን ጊዜ አንድ እንስሳ ብቻ ይዞ እስኪነጋ ዝግ ሆኖ ማደሩ ነው። በ10 ሜትር ርቀት፣ ሰባት በሰባት ተደርድረው የተጠመዱ 49 ሳጥኖች አይጥ በበዛበት ማሳ ገና በእኩለ ሌሊት ሊሞሉ ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የሚመዘግብ የለም። ጠዋት ሳጥኖቹ ሁሉ ማለት ይቻላል ተዘግተው ከተገኙ፣ ውጤቱን ከማመን በየነጥቡ ሁለት ሁለት ሳጥን ማጥመድ ይሻላል።

ለማሳ አይጥ ጥናት ያለማመንታት እመርጠዋለሁ። በባሌ ተራሮች የቀይ ቀበሮን ምግብ ለመለካት ለሚፈልግ ግን ብቻውን አይበቃም፤ የቀበሮው ዋነኛ ምግብ የሆነው ግዙፉ ፍልፈል እስከ አንድ ኪሎ የሚጠጋና አብዛኛውን ጊዜውን ከመሬት በታች የሚያሳልፍ በመሆኑ በዚህ ሳጥን አይቆጠርም።